ጆሮ የተተከለበት ቤታችን

ጭብጨባ ያስደነግጠኛል ብል ትስቁብኝ ይሆናል። እኔ ግን ዛሬም ሠርግ ቤት ገብቼ እጅ ሲመታ በሩን በዓይኔ እፈልጋለሁ። ምክንያቱን ልንገራችሁ፤ ከዚያ በኋላ ደስ ካላችሁ ሳቁ።

ጣሊያን ቡሬ ላይ ምሽግ ሠርቶ በተቀመጠበት ጊዜ ነው። ከምሽጉ ሹሞች መሀል አንድ ቀጭን መቶ አለቃ ነበረ። ሌሎቹ ሰው ሲያስሩና ቤት ሲፈትሹ ይውላሉ፤ ይኼኛው ቤት ለቤት እየዞረ ያጨበጭባል። በእውነት ነው የምላችሁ። አስተርጓሚውን አስከትሎ ከሰው ቤት ይገባል፣ ወለሉ መሀል ይቆማል፣ አንድ ጊዜ ጧ! ያደርጋል፣ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ያዳምጣል፣ ከዚያ ራሱን ነቅንቆ ይወጣል። የቤቱ ባለቤት ሦስት ቀን እህል አይቀምስም። ቡሬ በጭብጨባው ትርጉም ላይ ለሁለት ተከፈለች። አንዳንዱ "ሊያቃጥለው ያሰበውን ቤት ነው የሚለካው" አለ። አንዳንዱ "የተቀበረ ወርቅ ሲጨበጨብለት ይመልሳል አሉ" አለ። አንዲት ጎረቤታችን ብቻ "ልጅ ሳለ ያጨበጨበለት ሰው ባይኖር ነው፣ ምስኪን" ብላ አዘነችለት።

ነገሩ ሌላ ነበር። ሰውየው ድምፅ የሚቀዳ መኪና ከሀገሩ አስመጥቷል። ዘፈንና ግጥም በሸክላ ላይ ቀድቶ ወደ ሀገሩ መላክ ይፈልጋል፤ ለዚህም ጸጥ ያለ ቤት ያስፈልገዋል። ምሽጉ እንዳይሆን ጣራው ቆርቆሮ ነው፣ ግንቡ ድንጋይ ነው፣ አንድ ቃል ሲናገሩበት ሦስት ሆኖ ይመለሳል፤ ካሚዮኑም ቀኑን ሙሉ ያጓራል። የሳር ክዳንና የጭቃ ግድግዳ ግን ድምፅ ይውጣል። መቶ አለቃው እያጨበጨበ የሚፈልገው ዝም የሚል ቤት ነበር።

አስተርጓሚው ሰይድ ይባላል። የቡሬ ጨርቅ ነጋዴ ነው፤ ጣሊያንኛውን በንግድ ምፅዋ ሲመላለስ ነው የለቀመው፤ ጣሊያን ቡሬ ሲገባ "ቋንቋችንን ትችላለህ አሉ" ተብሎ ከሱቁ ተጠራ። ከዚያ ወዲህ ፊቱ እንደ ተዘጋ ሱቅ ነው፤ ውስጡ ምን እንዳለ አይታይም። አንድ ቅዳሜ ገበያ መሀል ቆሞ "ዘፈንም ይሁን ግጥም የሚያውቅ ሰው መኪናው ፊት ይቅረብ ተብሏል" ብሎ ለፈፈ። የማንኩሳው አዝማሪ ይህን ሲሰማ መሰንቆውን በጋቢው ጠቅልሎ፣ የጠጣበትን ዋንጫ እንኳ ሳያስቀምጥ፣ በእህል ተራ በኩል ጠፋ። አስተዋይ ሰው ነው፤ እድሜ ይስጠው። ገበያው ሁሉ መሬት መሬት አየ።

ቀና ብሎ የቆመ አንድ ሰው ነበር።

የዚያን ጊዜ ገና ጢም አላበቀልኩም። ቅኔ ቤት አልገባሁም፤ ፊደልን ከጎረቤት ዲያቆን ላይ በጨረፍታ፣ ግጥምን ከራሴ ነው የተማርኩት። ግጥሜን የሚሰማኝ ግን አልነበረም። እናቴ ስጀምር ውሃ ልትቀዳ ትነሳለች፣ በሬው እንኳ ጆሮውን ያርገፈግፋል። አሁን ባሕር ተሻግሮ የሚሰማ ተገኘ ሲባል ልቤ አበጠ። ፍርሃት እንደ ዳኛ ነው፤ መጀመሪያ ዝም ብሎ ያስወራችኋል።

"እኔ ግጥም አለኝ" አልኩ። ይህ ሳይበቃኝ፣ "ቤታችንም ጸጥ ያለ ነው፤ ዝንብ እጇን ስታሻሽ ይሰማል" ብዬ ጨመርኩ።

ሰይድ አየኝ። አተያዩ ለታመመ ሰው ነው። "ቤትህ የት ነው?" አለ፤ ነገርኩት።

ያን ዕለት ማታ እየዘመርኩ ቤት ስገባ እናቴ በሩን ከኋላዬ ዘግታ በሁለት እጇ አፌን ያዘች። የእናቴ ታናሽ ወንድም አያ ውበቱ መጥተው ነበር። ቋሪት፣ ገበዝ ማርያም በኩል በአርበኝነት ከወጡ ሁለተኛ ዓመታቸው ነው። ቁርጭምጭሚታቸውን ጥይት ጭሮት በበቅሎ ተጭነው ነው የደረሱት። እግራቸው እስኪድን የሚደበቁበት ሌላ ቦታ የላቸውም። አርበኛ ደብቆ የተገኘ ምን እንደሚደርስበት በቡሬ የማያውቅ የለም፤ ቤቱ ይቃጠላል፣ እሱም ከምሽጉ በር ላይ ካለው ዋርካ ይሰቀላል።

"የት አደረግሻቸው?" አልኩ።

እናቴ በአገጯ ጎታውን አሳየችኝ። ጎታችን ቁመቱ ከእኔ ይበልጣል። ሟቹ አባቴ ሲያገባት ከጭቃና ከጭድ እዚያው ቤት ውስጥ የሠራው ነው፤ ቤቱ ካልፈረሰ በበር አይወጣም። ያን ጊዜ ጤፉ አልቆ ባዶውን ነበር። በላይ በአፉ ሰው ይገባበታል፤ በታች እህል የሚንቆረቆርበት በውታፍ የሚደፈን ቀዳዳ አለው። ቀዳዳው አጠገብ ተንበርክኬ ስሜን ጠራሁ።

"እንደምን አመሸህ" አለኝ ጎታው። "ምን እያልክ ነበር የምትዘምር?"

አልነገርኳቸውም። ይቀራል ብዬ ተመኘሁ። የፈሪ ጸሎቱ አንድ ናት፤ "ነገ አይንጋ" ትላለች። ነጋ።

ማክሰኞ መቶ አለቃው ሰይድን አስከትሎ ከቤታችን ገባና ጧ! አደረገ። አንገቱን ዘንበል አደረገ። ፈገግ አለ። እናቴ ጥጥ ከምትፈትልበት ጥግ ሆና፣ "ምነው ያጨበጭባል? ማን ዘፈነለት?" አለች። እኔ ግን ያ ፈገግታ ምን ማለት እንደሆነ ገባኝ፤ ቤታችንን መርጦታል።

ከኪሱ ወረቀት አውጥቶ ክብ ሣለ። አውድማ የሣለ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ቤታችን ነው። በር እዚህ፣ ምሰሶ እዚህ፣ የከብቶቹ ጋጥ እዚህ። "የድምፅ ቤት ነው የሚሠራው" አለ ሰይድ። "መኪናው የሚቀመጥበት፣ ተናጋሪው የሚቆምበት፣ ሁሉም በልክ ነው ይላል።" ክቡ ውስጥ አንድ ወፍራም ነጥብ ነበረ። ጎታው ነው።

ይኸን ጊዜ መካሪ ሆንኩ። "ጌቶች፣ መኪናው በሩ አጠገብ ቢሆን! ብርሃን አለው፣ አየር አለው!"

"በር ነፋስ ያስገባል ይላል።"

"እንግዲያ በጋጡ በኩል!"

"ላሟ ታመሰኳለች ይላል። ላሟ ትውጣ፣ ዶሮዎቹም ይውጡ።"

"ምሰሶው ሥር!"

መቶ አለቃው ምሰሶው ሥር ሄዶ አጨበጨበ፤ ፊቱን አጨማደደ። አንድ እርምጃ ወደ ጎታው ሄዶ አጨበጨበ፤ ፊቱ ተፈታ። ሌላ እርምጃ ጨመረ። ጧ! ሌላ ጨመረ። ጧ! እያንዳንዷ ጭብጨባ ከአንገቴ ላይ አንድ ዙር ገመድ ትጠመጥማለች። በመጨረሻ ጎታው አጠገብ ቆሞ በጣቱ አንጓ ኳ ኳ አደረገ። ባዶ ጎታ ሲመቱት ይጮሃል፤ ይኼኛው ግን የሰው ሬሳ እንደ ተመታ ዱብ ብሎ ቀረ።

"ውስጡ ምን አለ?" አለ ሰይድ።

"ጤፍ" አለች እናቴ።

"ገብስ" አልኩ እኔ፤ በአንድ ትንፋሽ ነው።

ሰይድ እሷን አየ፣ እኔን አየ፣ ጎታውን አየ። ከዚያ ፊቱ ምንም ሳይለወጥ ወደ መቶ አለቃው ዞሮ ረዘም ያለ ነገር ተናገረ። "ቅልቅል ነው አልኩት" አለን።

መቶ አለቃው ጎታው ይውጣ አለ። እናቴ ተነሳች። "ጌታዬ፣ ይህ እኮ የቤቱ ሆድ ነው! ቤቱ ሳይፈርስ እንዴት ይወጣል? ቤቱ ከፈረሰ ደግሞ የድምፅ ቤት ብለህ ምኑን ልትይዝ?" ሰይድ ተረጎመ። መቶ አለቃው አሰበና ራሱን ነቀነቀ። ጎታው ይቅር፣ ግን በቁርበት ይሸፈን፤ ግድግዳውም ሁሉ በቁርበትና በባና ይሸፈን፤ መሬቱ ላይ ጭድ ይጎዝጎዝ። መኪናው ከጎታው በስተቀኝ አንድ ክንድ ርቆ ይቀመጣል። ተናጋሪው ፊቱን ወደ ጎታው አድርጎ ይቆማል። ወረቀቱ ላይ መስቀል አደረገ። የምቆምበት ቦታ ነው፤ እኔ ግን የመቃብሬን ምልክት ያየሁ መሰለኝ።

ሲወጡ የጎታውን ውታፍ ነቀልኩ።

"ምንድን ነው የምትሠሩት?" አሉ አያ ውበቱ።

"የድምፅ ቤት።"

"የማን?"

"የጣሊያን።"

"ማን ጋበዘው?"

"እኔ" አልኩ። "ግጥሜን ሊሰማ ነው።"

"ግጥምህን!" አሉ አያ ውበቱ። "እኛ ሁለት ዓመት በጥይት ያቃተንን አንተ በአንድ ቀን ልትጨርሰው ነው በለኝ።"

ረቡዕ ቁርበት ስንለቅም ዋልን። የሰፈሩ ሰው "ለምሽጉ ነው" ሲባል የተኛበትን ሳይቀር አነሳ። የበሬ ቁርበት፣ የበግ አጎዛ፣ ባና፣ ዝተት መጣ፤ አንዳንዱ በውስጡ የአሥር ዓመት አቧራና የአሥር ዓመት ቁንጫ ነበረው። እሱን ሁሉ ግድግዳው ላይ ወጠርነው። ቤታችን ገልብጠው የለበሱት በሬ መሰለ። ጎታው ላይ ራሱ መቶ አለቃው ቆሞ አራት ቁርበትና ሁለት ባና አስደረበበት። ሚያዝያ ነው፤ ከውጭ እንኳ ድንጋይ ይሰነጠቃል። እያንዳንዱ ቁርበት ሲወረወር አቧራው በጎታው አፍ ወደ ውስጥ ሲገባ አየሁ። አየሁና ምን ላደርግ? ጎታ አይራገፍ!

ሐሙስ ጠዋት መኪናው በአራት አስካሪዎች፣ ለጣሊያን ባደሩ የሀበሻ ወታደሮች፣ ትከሻ ላይ ሆኖ ገባ። ሣጥን ነው፤ በላዩ ጥቁር ሸክላ ይሽከረከራል፣ በሸክላው ላይ መርፌ እንደ ማረሻ ትልም ያወጣል፣ ከትልሙ እንደ ፀጉር የቀጠነ ጥቁር ነገር እየተላጨ ይወጣል። ከሣጥኑ በገመድ የተያያዘ የብረት ጆሮ በእንጨት ላይ ተተከለ። የተተከለው ከእኔና ከጎታው መካከል ነው። መቶ አለቃው ሁለት ጥቁር ክዳን ጆሮው ላይ ደፍቶ ተቀመጠ። "ይህ ጆሮ የሰው ልብ ሲመታ ይሰማል ይላል" አለ ሰይድ።

ይህን ባይነግረኝ ምን ነበረበት? ልቤ ይህን እንደ ሰማች መደብደብ ጀመረች።

እናቴ እንዝርቷ እንኳ እንዳይሰማ ተብላ እጇን አጣምራ ጥግ ተቀመጠች። ሰይድ በሩ አጠገብ ቆመ። መቶ አለቃው ጣቱን አነሳ። ሌሊቱን የመረጥኩት የማያስቀጣ ግጥም ነው፤ ስለ ዝናብ ነው። ዝናብን ማንም አይሰቅልበትም ብዬ።

ዳመና አይቼ በሬዬን ጠመድኩት፣
ዝናቡ ቢቀርስ ላቤን የት አረኩት?

ድምፄ መጀመሪያ ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ ጸና። ደግሜ አልኩት። ሦስተኛ ስደግመው ፍርሃቴን ረስቼ ነበር። አገሬው ያልሰማኝ ሰው ባሕር ማዶ ልሰማ ነው! "ላቤን የት..." ስል ጎታው አነጠሰ።

እንደ ዋዛ አይደለም ያነጠሰው። የሁለት ቀን አቧራ፣ የአራት ቁርበት ሽታ፣ የአርበኛ ሳንባ አንድ ላይ ሆነው ነው የወጡት። ባናው ከአናቱ ላይ ተነስቶ ተመልሶ ተኛ።

እዚህ ላይ አደጋው ቢቆም ኖሮ ደግ ነበር። እኛ አገር ግን ሰው አንጥሶ ዝም አይባልም። ጠላትህም ቢሆን ይማርህ ትለዋለህ፤ አፍህ ከአንተ ፈቃድ አይጠይቅም። እናቴ ከጥጓ ከአንጀቷ፣ "ይማርህ!" አለች። ሰይድ ከበሩ፣ "የርሐሙከላህ" አለ። እኔን እንኳ ያዳነኝ አፌ በግጥሙ መያዙ ነው።

አያ ውበቱም ጨዋ ሰው ናቸው። የመረቃቸውን ሳይመልሱ አይቀሩም።

"ያኑራችሁ!" አለ ጎታው፤ በወፍራም ድምፅ፣ በሙሉ አክብሮት።

ከዚያ በኋላ በመጣው ዝምታ ዝንብ እጇን ብታሻሽ እውነትም ይሰማ ነበር። የእናቴ ፊት አመድ ሆነ። ሰይድ ባወጣው ቃል እጁን አፉ ላይ እንደ ጫነ ቀረ። መቶ አለቃው ዓይኑ ከመርፌው ላይ አልተነሳም። ሸክላው እስኪያልቅ አረሰ፣ ከዚያ ጥቁሩን ክዳን ከጆሮው አወረደና፣ መርፌ ቀይሮ ያንኑ ሸክላ አሰማን።

የገዛ ድምፄን ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት በዚህ ሁኔታ ነው። ፍየል እመስላለሁ። ግን ለማፈር ጊዜ አላገኘሁም፤ እንጥሻው መጣ። ከመኪናው ሲወጣ ከመጀመሪያውም ይበልጥ ነበር። እናቴ፣ ለነገሩ ደግ ሴት ናት፣ አላስቻላትም። "ይማርህ!" አለች ለመኪናው። በጎታው ውስጥ አንድ ነገር ሲታነቅ ሰማሁ፤ አያ ውበቱ ምላሻቸውን ጋቢያቸውን ነክሰው ውጠውታል።

መቶ አለቃው ወደ እኔ አየ። "ማን ነው ያነጠሰው ይላል" አለ ሰይድ።

"እኔ ነኝ!"

ሰውየው እንደገና አሰማን። ሰይድ ቀስ ብሎ ተረጎመ፤ "አንተ 'የት' እያልክ ነው። አንድ ሰው እየተናገረ ማንጠስ ይችላል ወይ ይላል።"

"እኔ... እችላለሁ።"

"እስቲ አድርገው ይላል።"

ሞከርኩ። አንድም አልመጣልኝም። በእንጥሻ ምክንያት የሚሰቀል የመጀመሪያው ሰው ልሆን ነው ብዬ አሰብኩ፤ ያውም ሌላ ሰው ላነጠሰው። መቶ አለቃው ለሦስተኛ ጊዜ መርፌውን አስቀመጠ። አሁን የሰይድ ቃል ጎልቶ ወጣ። "የርሐሙከላህ።" መቶ አለቃው ወደ ሰይድ ዞረ። የሰይድ ፊት ሲለወጥ ያን ቀን ብቻ ነው ያየሁት። ድምፁ ሸክላው ላይ ነው፤ እሱም እንደኛ ጎታ መርቋል። ለማን እንደ መረቀ መመለስ አለበት።

ሰይድ ጉሮሮውን ጠረገና በጣሊያንኛ ብዙ ተናገረ። በእጁ የእኔን አፍ አሳየ፣ የጎታውን አፍ አሳየ፣ በአየር ላይ ክብ ሠራ። መቶ አለቃው ዓይኑ እየሰፋ ሄደ። "ኤኮ?" አለ። "ኤኮ!" አለ ሰይድ።

ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ እንደ ልማዱ ፊቱን ዘግቶ፣ "የሰው ድምፅ ጎታ ውስጥ ገብቶ ዘግይቶና ወፍሮ ይመለሳል ብዬዋለሁ" አለኝ። "ያነጠስከው አንተ ነህ፣ እናትህና እኔ የመረቅነውም አንተን ነው፤ የመለስከውም አንተ ነህ። አሁን ጎታው ውስጥ ግባና 'ያኑራችሁ' በል፤ ማየት ይፈልጋል። ወንድሜ፣ የኔም አንገት አለበት። ግባ።"

አስካሪዎቹ ቁርበቱን ገለጡልኝ። በበርጩማ ላይ ወጥቼ እግሬን ወደ ጎታው አፍ ስከት፣ እግሬ የሰው ትከሻ ላይ አረፈ። ወረድኩ። ጨለማ ነው፣ ይሞቃል፣ ሁለት ሰው የሚቆምበት አይደለም፤ አፍንጫዬ አያ ውበቱ ጢም ውስጥ ገባ።

"ግባ እንጂ" አሉ በሹክሹክታ። "ቤትህ አይደል?"

"አያ፣ ሊገድለን ነው!"

"የቆሰለ እግሬን ልቀቅልኝና ከዚያ ይግደለን።"

ከላይ የሰይድ ድምፅ መጣ፤ "በል!" ምላሴ ከላንቃዬ ጋር ተጣብቋል። አያ ውበቱ ጠበቁኝ፣ ጠበቁኝ፣ ከዚያ ራሳቸው ደረታቸውን ነፍተው፣ "ያኑራችሁ!" አሉ። ጎታው ነጎደ። ከውጭ የመቶ አለቃው ሳቅ ተሰማ፤ ያ ድምፅ ነው፣ ራሱ ነው! ልብ ልብ ሊለኝ ሲጀምር የበርጩማው እግር ሲንቋቋ ሰማሁ። ፋኖስ ይዞ ሊወጣ ነው፤ የጎታውን ውስጥ ሊያይ!

ያሰብኩት ነገር የለም። ፍርሃት ወደ ላይ ወረወረኝ። የጎታውን አፍ በራሴና በትከሻዬ ሞላሁት። ፊቴ ከፊቱ ጋር ተገጣጠመ፤ ከትከሻዬ በታች ምንም አይታይም። በልቤ "ጎበዝ!" አልኩ ለራሴ። ወዲያው ደግሞ ወደ ላይም ወደ ታችም እንደማልንቀሳቀስ ገባኝ። ስገባ እጄን ወደ ላይ ዘርግቼ ነበር፤ ስወጣ ወደ ታች ነው። ጎታው አንገቴ ሥር እንደ ጠላ ጋን ውታፍ ጨምድዶ ያዘኝ።

መቶ አለቃው ሳበኝ፤ እንቢ። አንድ አስካሪ በፀጉሬ ሳበኝ፤ እንቢ። መቶ አለቃው ከበርጩማው ላይ ሆኖ አንድ ነገር አዘዘ፤ ሌላው አስካሪ ከውጭ ዶማ ይዞ ገባ።

"ጎታውን ሰብራችሁ አውጡት ብሏል" አለ ሰይድ፤ ድምፁ ጠፍቷል።

እናቴ እጇን ዘርግታ ጎታው ላይ ተለጠፈች። "እኔን አስቀድሙ! የባሌ እጅ የሠራው ነው! ልጄ ሲከሳ ይወጣል፣ ተውት፣ እዚያው ይክሳ!"

ዶማው ሲነሳ አየሁ። በዚያች ቅጽበት ከታች፣ የት እንደሆነ ልነግራችሁ የማልፈልገው ቦታዬ ላይ፣ የአርበኛ ራስ ቅል እንደ ኮርማ ገጨኝ። ተፈናጥሬ ወጣሁ። መቶ አለቃው ላይ ወደቅሁ፣ መቶ አለቃው ከበርጩማው ወደቀ፣ ፋኖሱ ተሰበረና ጠፋ፣ ጭዱ ጭስ አወጣ፣ እናቴ በእግሯ ረገጠችው። ጣሊያን ላይ ተጋድሜ "ማረኝ" እላለሁ። እሱ ግን ጭድ ውስጥ ሆኖ እንባው እስኪወርድ ይስቃል።

ሊሄዱ ሲሉ ትእዛዝ ወጣ። ይህ የድምፅ ቤት በመንግሥት ስም ተይዟል። ጎታው ትልቅ ግኝት ነው፤ ማንም እንዳይነካው። መቶ አለቃው ምን እንደሚያደርግበት አስቦ እስኪመለስ ከእኔና ከእናቴ በቀር ነፍስ ያለው ነገር በዚህ በር እንዳይገባ። ለዚህም አንድ ጠመንጃ የያዘ አስካሪ በራችን ላይ ይቆማል።

ከጎንደር በኩል የመጣ፣ ረጅም፣ ብዙ የማይናገር አስካሪ ነው። በሩ አጠገብ ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ ቁጭ አለ። ከግድግዳው በወዲህ በኩል ጎታው አለ። በሁለቱ መካከል አንድ ስንዝር ጭቃና አንድ የበሬ ቁርበት ነው ያለው።

አሥራ አራት ቀን። አያ ውበቱን በውታፉ ቀዳዳ እያጎረስን፣ እንደ ሬሳ ዝም በሉ እያልን፣ አሥራ አራት ቀን። በአምስተኛው ቀን አንድ አርበኛ ቆስሎ ቡሬ ገብቷል ተብሎ ፍተሻ ወጣ። የባንዳው ጭፍራ ቤት ለቤት እየገለበጠ እኛ ጋ ደረሰ። የሞትኩት ያን ጊዜ ነው። አስካሪው ግን ሳይነሳ ጠመንጃውን አጋደመ። "የመንግሥት ቤት ነው" አለ። "እንፈትሻለን" አሉ። "የመቶ አለቃው ጎታ ነው፤ የነካ ይታሰራል" አለ። ሰድበውት ሄዱ። ያን ዕለት ከቡሬ ቤቶች ሁሉ ያልተፈተሸ የእኛ ብቻ ነበር። ይህ ሊያስደስተኝ ሲገባ ሌሊቱን ዓይኔን በሩ ላይ ተክዬ አደርኩ።

በአሥራ ሦስተኛው ቀን ሰይድ መጣ። በሩ ላይ ቆሞ፣ ቤት ሳይገባ፣ ጮክ ብሎ አስታወቀኝ፤ መቶ አለቃው ከነገ ወዲያ፣ ሐሙስ፣ ይመጣል። ጎታውን በጎኑ በስቶ የብረቱን ጆሮ ውስጡ ሊተክል ነው። "ባዶ መሆን አለበት ብሏል" አለ ሰይድ፤ "ያለውን እህል አውጡ።" ይህን ሲል ጎታውን እንጂ እኔን አላየም።

ረቡዕ ጠዋት አያ ውበቱን ከጎታ አውጥተን ምክር ያዝን። እግራቸው ድኗል። በሩ ግን አንድ ነው፤ በሩ ላይ ያ ሰው አለ። እኔ ሐሳብ አላጣሁም። የእናቴን ቀሚስ ይልበሱ አልኩ፤ ጢማቸውስ አለች እናቴ። በቁርበት ጠቅልለን እንደ ሬሳ እናውጣቸው አልኩ፤ ማን ሞተ ሲለን ምን ልንል ነው አለች። ላሟን እናስደንግጣትና እሱ ሲያሯሩጣት አልኩ። ግድግዳውን በጓሮ በኩል እንቅደደው አልኩ። አያ ውበቱ እያዳመጡኝ ጋቢያቸውን አጣፉ፣ አብሯቸው ጎታ የከረመውን ጠመንጃቸውን በጋቢው ውስጥ አደረጉ፣ እናቴን ጉንጯን ሳሙ።

"ግጥምህ ከምክርህ ይሻላል" አሉኝ። በሩን ከፍተው ወጡ።

እኔ ከበሩ ኋላ በቁርበት ተሸፍኜ ቀረሁ። ተከትያቸው ወጣሁ እላለሁ ብላችሁ የምትጠብቁ ከሆነ እኔን አላወቃችሁኝም።

"ሰውየ!" አለ አስካሪው። "መቼ ገባህ?"

"ከትእዛዙ በፊት" አሉ አያ ውበቱ።

ከግድግዳው ቁርበት ላይ ቁንጫ ወደ አንገቴ ተሻገረች፤ ልነካት አልደፈርኩም። የጠመንጃውን መቀባበል ድምፅ ጠበቅሁ።

"የታዘዝኩት ማንም እንዳይገባ ነው" አለ አስካሪው፣ እያሰበ። "ስለሚወጣ አልተነገረኝም።"

"እኔም የወጣሁ ነኝ" አሉ አያ ውበቱ።

እርምጃቸውን ሰማሁ። አልሮጡም። ጠጠሩ ላይ፣ ከዚያ ሳሩ ላይ፣ ከዚያ ወደ ቋሪት በሚያወጣው ዳገት በኩል፤ ከዚያ አልተሰማም። ቁርበቱን በአንድ ጣቴ ገለጥ አድርጌ አየሁ። አስካሪው ዳገቱን እያየ ቆሟል። ጠመንጃው ትከሻው ላይ ነው። ተመልሶ ቁጭ አለ፣ ጀርባውን ለግድግዳው ሰጠ፣ ቆቡን ዓይኑ ላይ ደፋ።

"አንተ ገጣሚ" አለ ሳያየኝ። "ሌላ ካለ የማያንኮራፋ ይሁን። አሥራ አራት ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም።"